የባየልኝ የቀን ገቢ

ባየልኝ ለድንበር ቅርብ በሆነችው ሸሕዲ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። ማጭድ፣ ጀሪካን፣ የዝናብ ላስቲክ፣ የሰሊጥ ጆንያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለቀን ሠራተኛ የሚያስፈልግ ሁሉ እሱ ዘንድ አይጠፋም። ከጎጃም ወይ ከወሎ የመጣ ሠራተኛ ከአውቶብስ ወርዶ ለአረም ወደ እርሻ ከመጫኑ በፊት የሚገባው እሱ ሱቅ ነው። ሰኔ ላይ ገንዘብ ሲቆጥር ጣቱ ይዝላል ይላሉ። ይላሉ እንጂ ያየ የለም፤ ባየልኝ ሲቆጥር በር ይዘጋል።

ይኸው ሰውዬ በዓመት አንድ ቀን ደሃ ይሆናል። የቀን ገቢ ገማቾች የሚመጡ ቀን።

መቼም ሒሳብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው በግምት ነው። ኮሚቴው ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ መደርደሪያውን ያያል፤ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ «የዚህ ሰው የቀን ገቢ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይጽፋል። ባየልኝ ታዲያ በዋዜማው ዕቃውን በባጃጅ አራት ምልልስ ወደ ቤቱ ያግዛል። ሱቁ ውስጥ ሰባት የዛጉ ማጭዶችና ክዳን የሌለው ጀሪካን ብቻ ይቀራሉ። ለዚያ ቀን የሚለብሰው ክርኑ የተቀደደ ኮት ደግሞ አለው፤ ብል እንዳይበላበት ዓመቱን ሙሉ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል።

ገማቾቹ ሲገቡ እንባው ቀድሞ ይጠብቃቸዋል። «ድንበሩ ተዘጋ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ሰሊጡ ተበላሸ፣ ጌቶቼ! እኔስ አልቄላችኋለሁ!» ውሸት አልተናገረም እኮ። ድንበሩም ተዘግቶ ያውቃል፣ መንገዱም ተቆርጧል። በዚያ የተነሳ ሱቃቸውን ዘግተው የተሰደዱ ነጋዴዎች ነበሩ። የእነሱን መከራ ዓይኑን በጨው አጥቦ የራሱ አድርጎ አለቀሰበት እንጂ። ዘንድሮም ያው ሆነ፤ የቀን ገቢው መቶ ዘጠና ብር ተባለ። ፊት ለፊቱ ያንኑ ዕቃ የሚሸጠው ሙሐመድጣሂር የሸጠውን በደብተር ጽፎ ስላሳየ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ተጻፈበት። ባየልኝ ለሳምንት ያህል እሱን ባየ ቁጥር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

አሰበች የምትባል ሴት ባትኖር ኖሮ ባየልኝን የሚነካው አልነበረም።

አሰበች መናኸሪያው በር ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ባየልኝም ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ ጎንደር ገብተው፣ ማታ ማታ ለብቻው ዳቦ በሻይ የሚበላ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ምሳ ግን የአሰበችን ዱለት ሳይበላ አይውልም። መውደዱንስ ይወዳታል፤ ይህን አልነፍገውም። ስትስቅ የያዘውን ጉርሻ ይረሳል።

ሲያወራት ደግሞ ጉድ ነው። «አሰቡ፣ እኔ ቤት ገብተሽ እጅሽ ሽንኩርት አይነካም! ትናንት ብቻ አራት ሺህ ብር ሸጬ ነው የዋልኩ!» ይላታል። እሷም ብቸኝነት ሰልችቷት ስለነበር «እሺ፣ ለሰኔ ሚካኤል ሽማግሌ ላክ» አለችው።

ከሚካኤል በፊት ግን የግምቱ ዝርዝር ግብር ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አሰበች የራሷን ልታይ ሄደች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ዓይኗ ወደ ታች ወረድ አለና ባየልኝ የሚለው ስም ላይ ቆመ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሲመጣ ሳህን አላቀረበችለትም።

«አያ ባየልኝ፣ መቶ ዘጠና ብር የምትባለው አንተ ነህ?»

ሳቀ። «እሱማ ለመንግሥት የነገርሁት ነው!»

«አልቅሰህ ነው አሉ።»

«ያለ እንባ መች ይሰሙና!» አለ፤ ደግሞ ኮራ ብሎ።

«እኔ ዘንድ የምትበላው ምሳ ብቻ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነው። ከገቢህ በላይ እየበላህ ነው በለኛ!» ድምጿ ከፍ አለ። «እኔ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እሳት ለእሳት የምውል ሴት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተጽፎብኝ ልከፍል ነው። ይሁን፣ ብሩን ተወው። ለነሱ እንደዚያ የሚያለቅስ ዓይን ነገ ለእኔ ሲያለቅስ በምን አምነዋለሁ? የግምቱ ቅሬታ መስሚያ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሂድና እውነቱን አስጽፍ። አለዚያ ሽማግሌህ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ባየልኝ ሁለት ቀን እህል አልወርድልህ አለው። በአንድ በኩል ግብሩን አሰበ፤ በሌላ በኩል ባዶ ቤቱን አሰበ። በመጨረሻ ቤቱ አሸነፈ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ወጣ። መንገድ ላይ «የቀን ገቢዬ ሁለት ሺህ ነው፣ ይስተካከልልኝ» እያለ ይለማመድ ነበር። «ሁለት ሺህ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ደህና ወጥቶለታል።

ቅሬታ ሰሚዎቹ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ከፊቱ ደረበ የሚባል ጫማ ሰፊ ቆሟል፤ የእውነት የከሳ፣ የእውነት የተቸገረ። ገባና ጉዳዩን ተናገረ፤ ወዲያው ቀነሱለት። ባየልኝ በበሩ በኩል ይህን አየ። «ዛሬ እጃቸው ተፈቷል!» አለ በልቡ።

ተራው ደረሰ። ሰብሳቢዋ ማዕረግ የምትባል ወጣት ናት። ቀና ብላ «እርስዎስ አባቴ፣ ምን ይሁንልዎት?» አለችው።

«የቀን ገቢዬ…» ብሎ ጀመረ። አሰበችን አሰባት፣ ሳቋን አሰበ። እንባው ግን ማንም ሳይጠራው ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄ፣ መቶ ዘጠናው በዛብኝ!»

አንጀታቸውን በላው። መቶ ሃምሳ አደረጉለት። ባየልኝ መርቆ፣ እጅ ነስቶ ወጣና አርባ ብር በማስቀነሱ እየተደሰተ እስከ መናኸሪያው ድረስ በፈጣን እርምጃ ሄደ። የምግብ ቤቱን በር ሲያይ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ያን ቀን ሳይገባ በጎን አለፈ።

በማግሥቱ፣ ወሬው ገና አልደረሳትም ብሎ ሹልክ ብሎ ገባ። አሰበች እጁን ይዛ ወሰደችና በጓሮው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፤ ሥራ ያጡ ሠራተኞችን በነጻ የምታበላበት ነው። አንድ ሳህን ሽሮ አቀረበችለት። ባየልኝ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ተወው፣ አያ ባየልኝ» አለች፤ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «በቀን መቶ ሃምሳ ብር ከሚያገኝ ሰው ሒሳብ አልቀበልም። ለችግረኛ እዚህ ቤት ሽሮ አይጠፋም፤ ነገም ና።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሙሐመድጣሂርም ነበር። የባየልኝ ፊት በርበሬ መሰለ። ብድግ ብሎ መውጣት ነበረበት፤ እሱም ያውቀዋል፤ በሩም ክፍት ነበር። ሳህኑን አየው። የምሳውን ሁለት መቶ ሰማንያ ብር አሰበ። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ፣ ታጠበ፣ ቆረሰ።

በማግሥቱም መጣ።