ማለፊያ ማለት

እኔ ሰው አላምንም። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አንዱ በፈገግታ ሰላም ሲለኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ ዝም ብሎኝ ሲያልፍ ደግሞ ምን ሰምቶ ነው እላለሁ። ስለዚህ ያቺ ሴት ወደ ልብስ ስፌት ቤታችን የገባች ቀን፣ ገና መቀሷን ከቦርሳዋ ሳታወጣ በጥርጣሬ ዓይኔን ጣልኩባት።

ስድስት ሰፊዎች ነን፤ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። እኔ ኮሌታ ነው የምሰፋው፤ ስሜም ቀስ በቀስ ኮሌታ ሆኖ ቀረ። እሷ የተቀጠረችው ያለቀውን ልብስ እንድትመረምር ነው። የተረፈ ክር ትቆርጣለች፣ የተዛነፈ ስፌት ካየች ትመልሳለች። መስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ሸሚዝ ገለባበጠች። እጅጌውን ሳብ ሳብ አድርጋ፣ ‹‹ማለፊያ ነው›› አለች።

እግሬ ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ደርቆ ቀረ። የእናቴ ቃል ነበር። እኛ አገር ዝናብ በጊዜው ሲጥል ማለፊያ ነው፣ አማች ደግ ሲሆን ማለፊያ ነው፣ ልጅ ታዛዥ ሲሆን ማለፊያ ነው። ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ግን ይህን እንደማውቅ ማን ያውቃል? ድሮ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት በአነጋገሬ ሲስቁብኝ፣ አፌን እንደ ተበላሸ ስፌት ተርትሬ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔም እዚህ የከተማ ልጅ ነኝ ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ።

ይህች ሴት አንድ ቀን አፌን ለይታ ብታጋልጠኝስ? ፈራሁ። የፈራ ደግሞ ይቀድማል።

‹‹ማለፊያ?›› አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ‹‹ማለፊያ ነጥብ ማለትሽ ነው? ሃምሳ ከመቶ?››

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ቁልፍ የምትተክለዋ ባልደረባዬ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹‹ጫማሽ እንዴት ነው?›› ሲባል ‹‹ሃምሳ ከመቶ፤ ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፈው›› የሚል ሆነ መልሱ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ እንኳ ሳይቀሩ ቀልዱን ተማሩት። ሴትየዋንም ‹‹ማለፊያ›› ብለን ሰየምናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

እሷ ግን አልተቆጣችም። ቃሉን ጣለችና እንደ እኛ ‹‹ጥሩ ነው›› ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ሌላ ወሬ የላትም። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የሚቆጣ ሰው ሆዱ ይታወቃል፤ ዝም የሚለው ምን እንደሚያበስል በምን ታውቃለህ? አንድ ቀን መርፌው ጣቴን ወጋኝና ጮህኩ። ሰው ሲያመው የሚጮኸው በእናቱ አፍ ነው፤ ድምፄ የአገሬን ዜማ ይዞ ወጣ። ሌሎቹ ደሙን አዩ። እሷ ግን ፊቴን አየች። ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ ጣቴን አሰረችልኝና ‹‹አይዞሽ እህቴ›› ብላ ወደ ክሯ ተመለሰች።

አወቀችብኝ ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ቀና ባልኩ ቁጥር የምታየኝ ይመስለኛል። ጋሼ ክፍል ገብታ በሩ ከተዘጋማ መርፌዬ መስመሩን ይስታል። ‹‹ጆሮ ጠቢ ናት›› አልኳት ለቁልፍ ተካይዋ። ማስረጃ አልጠየቀችኝም፤ እሷም እንደ እኔው ናት።

ትንሽ ቆይቶ ሥራ ቀዘቀዘ። ጋሼ ከስድስታችን ሦስታችንን ብቻ እንደሚያስቀሩ ነገሩን። ሴትየዋም ስለ ስፌታችን በየስማችን ፊት አንድ አንድ ቃል እንድትጽፍ ታዘዘች። ሁለት ልጆች የማሳድገው በዚያች ኮሌታ ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ያን ሳምንት ‹‹ሃምሳ ከመቶ›› የሚል ጠፋ። ቁልፍ ተካይዋ ጭራሽ ‹‹እትዬ›› እያለች መቀስ ታቀብላት ጀመር። እኔ አልሞከርኩትም፤ የሚጻፍልኝን ቀድሜ አውቄዋለሁና።

አርብ ከሰዓት ጋሼ አስጠሩኝ። በሩን አልዘጉትም። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ጥሩ፣ ደህና፣ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደህና ይላል። በእኔ ስም ፊት ብቻ፣ ደመቅ ተደርጎ፣ ‹‹ማለፊያ››።

‹‹ያው እንደምታይው ነው›› አሉ ጋሼ። ‹‹ለሌሎቹ ጥሩ ብላለች፤ ቃል ጠፍቷት አይደለም። ሃምሳ ከመቶ ደግሞ ራስሽ ነሽ ያልሽው። ምን አድርገሻት ነው?››

በራሴ ምላስ አረደችኝ አልኩ በሆዴ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ግን ዓይኔ ከቃሉ ላይ አልነሳ አለ። እናቴ ዩኒፎርም ለብሼ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የሄድኩ ዕለት ከላይ እስከ ታች አይታኝ ያለችው ይህንኑ ነበር። ሴትየዋ የቱን አስባ ይሆን፤ የእናቴን ወይስ የእኔን? አላወቅሁም። ዝም ካልኩ ግን የእኔው ይጸናል።

‹‹ጋሼ፣ ማለፊያ ሃምሳ ከመቶ አይደለም›› አልኩ። ‹‹ከጥሩ በላይ ነው።››

‹‹ማን አለ?››

‹‹እኛ አገር እንደዚያ ነው የሚባለው።››

‹‹እናንተ አገር?›› ሳቁ። ‹‹የዚህ ልጅ ነኝ ስትይ አልነበረም እንዴ? ሥራ ሊታጣ ሲል አገር መቀየር ተጀመረ?››

አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን አላምንም። ያለኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር። አፌን ፈታሁት። የተወለድኩበትን ቀበሌ፣ የእናቴን ስም፣ ስንት ዓመት እንደዋሸኋቸው፣ ሁሉንም በዚያው በተውኩት ዜማ ነገርኳቸው። ከበሩ ውጭ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። አፈርኩ፤ ግን አላቋረጥኩም።

ጋሼ ሴትየዋን ጠርተው ጠየቋት። ‹‹ኮሌታዋን አይተውታል?›› አለች። ‹‹ለእሱ ጥሩ የሚለው ቃል አነሰኝ።››

ከቀሩት ሦስት አንዷ ሆንኩ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ነገ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ሄድኩና፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ‹‹መርፌ የወጋኝ ዕለት ነው ያወቅሽኝ?›› አልኳት።

‹‹አይ እህቴ፣ የገባሁ ዕለት ነው›› አለች፣ ክሯን እየቆረጠች። ‹‹ማለፊያ ስል ስድስቱም መኪና ይጮህ ነበር። የቆመው ያንቺ ብቻ ነው።››