ዝም ያሰኘሁት ማስጠንቀቂያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴማ እንዴት ብዬ? የበደልኩት እሳቸውን ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራሁ። ሕፃናትና አረጋውያን ይቅደሙ ተባልኩ። እኔም እንደሰማሁት፣ ዕድሜው ከአምስት በታች «እና» ከስልሳ በላይ የሆነ ይቅደም ብዬ ጻፍኩ። «ወይም» ማለት ነበረብኝ። ሕፃንም ሽማግሌም የሆነ ሰው ከየት ይመጣል? ኮዱን የሚፈትሸው መሣሪያ፣ «ይህ ሁኔታ መቼም እውነት ሊሆን አይችልም» ብሎ በቢጫ አስጠነቀቀኝ። አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። አይቼዋለሁ። ማስረከቢያው ደርሶ ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያም ስለሰለቸኝ፣ ዝም እንዲል አዘዝኩት።

የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ የአንኮበር ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት ተገኝቶባቸው እዚያው ክሊኒክ ተመዘገቡ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ደወለችልኝ።

«አባባ ማየቱ እየከበዳቸው ነው። ሽማግሌ ይቀድማል አልተባለም እንዴ?»

«ይቀድማል እንጂ! ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ይደወልላችኋል፣ ጠብቁ» አልኳት።

እኔን አምነው ጠበቁ። ሲጠሩ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ!» አለ።

ይህን ስሰማ ኮዱን ከፈትኩ። ስህተቱን አረምኩና ለክሊኒኩም ለማንም ትንፍሽ ሳልል ዘጋሁት። ስንት ሌላ ሽማግሌ እንዲሁ ቀርቶ ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ።

አሁንም አልፎ አልፎ አንኮበር እሄዳለሁ። ቄሱ ግንባሬን በእጃቸው ፈልገው መስቀል ያሳልሙኛል። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የከበደህ ነገር አለ፤ ድምፅህ ያስታውቃል» አሉኝ።

«የሥራ ድካም ነው፣ አባ» አልኩ።

ልንገራቸው ስል ወሬ እቀይራለሁ። ሌላ የንስሐ አባት ልያዝ ብል፣ እሳቸው «ምን አጠፋሁ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሳልናዘዝ ደግሞ አልቆርብም። በየት ልውጣ?

«እና» ብዬ መጻፌ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። አይቼ ያፈንኩት ግን እኔ ነኝ። ጠብቁ ያልኩት እኔ ነኝ። አውቄ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። በእናንተ ፊት ጥፋቴን ማመን አይከብድም፤ እናንተ ዓይናችሁን አላጣችሁብኝም።

ባለፈው እሑድ ጥሩወርቅ ደውላ፣ «አባባ ጠፋብኝ ይሉሃል፤ በጸሎቴ አስበዋለሁ በይው ብለውኛል» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አልኳት።