ጵርስቅላ ሐምሌን ያጣችበት ሳምንት

ጵርስቅላ በዳዳ ሲግናል ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ስትስቅ ድምፅዋ ጎረቤት የሚሰማ ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ በዳዳ መገናኛ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ይሸጣሉ። ቤተሰቡ በክረምት ይጠግባል፣ በበጋ ይጸልያል።

የባቡሩ ሐዲድ ሊዘረጋ መገናኛ ተቆፍሮ በጭቃ በቦካበት ዓመት፣ ጵርስቅላ የአየር ንብረት የሚያጠና ቢሮ ተቀጠረች። ሥራዋ ኮምፒዩተር ያሰላውን የዓለም የአየር ንብረት ሞዴል ማንበብ ነው። ሞዴሉ ምድርን በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመር ካሬ ካሬ አድርጎ ይከፋፍላታል፤ በየካሬው የየወሩ ዝናብና ሙቀት ተመዝግቧል። ካሬው ደግሞ ሰፊ ነው፤ እንጦጦ ራጉኤልም፣ መገናኛም፣ ደብረ ዘይትም አንዱ ውስጥ ተጨናንቀው ይገባሉ።

አንድ ሰኞ የአዲስ አበባን ካሬ አውጥታ የመጪዎቹን ዓመታት ዝናብ በግራፍ አየችው። ሐምሌ ጠብ የሚል የለም። ነሐሴም ብዙ አይሻልም። ዝናቡ ሁሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተከምሯል።

"ፍቄ፣ ና እየው! ክረምቱ ቦታ ቀይሯል!" ብላ የቢሮ ባልደረባዋን ፍቅረማርያምን ጠራችው።

ፍቅረማርያም ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየ። "ይሄማ ጉድ ነው! ፔፐር ይወጣዋል" አለ። እዚያው ለጥናት ጽሑፋቸው ርእስ ማማረጥ ጀመሩ።

ቤት ስትገባ ወሬውን መያዝ አልቻለችም። "አባዬ፣ ከእንግዲህ ጃንጥላ የምትሸጠው ለገና ነው።"

አቶ በዳዳ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። "ማነው ያለው?"

"ሞዴሉ።"

"እሱ ደሞ የት ነው የሚኖረው?"

ረቡዕ እቤታቸው በተደረገው የጸሎት ኅብረት ላይ አቶ በዳዳ ተነሥተው፣ "ወገኖች፣ ሐምሌ እንዳይደርቅብን እንጸልይ" አሉ። በብርቱ ተጸለየ።

ሐሙስ ጵርስቅላ ለጽሑፉ የቦታውን ከፍታ ልትሞላ ፋይሉን ከፈተች። ዜሮ ይላል። እንጦጦ ግርጌ የተቀመጠ ከተማ ከባሕር ጠለል እኩል! የብስና ባሕር የሚለየውን ፋይል ብትከፍት ጭራሽ "ባሕር" አላት። የጻፈችውን ኮድ ከላይ ጀምራ አየችው። የአዲስ አበባ ኬክሮስ ዘጠኝ፣ ኬንትሮሷ ሠላሳ ስምንት ከምናምን ነው፤ እሷ ገልብጣ አስገብታቸዋለች። ካርታ ላይ ብትፈልገው፣ ያ ካሬ ሰርዲኒያ ከምትባል የጣልያን ደሴት በታች ባሕሩ ውስጥ ተኝቷል። ለካ ስታነብ የሰነበተችው የጣልያኖችን ዝናብ ኖሯል!

ሳቋ ቢሮውን አናጋው። ፍቅረማርያም ግን ርእሱን ወዶት ስለነበር ትንሽ ከፋው። ቁጥሮቹን አስተካክላ ብታነብ ሐምሌ እንደ ልማዱ ዶፉን ያወርደዋል።

ቤት ገብታ ስሕተቷን ስትናገር አባቷ የሚቆጧት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። "ጌታ ጸሎታችንን መለሰ!"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የተሳሳትኩት!"

"ታዲያ ስሕተትሽን ማን አሳየሽ?"

በሚቀጥለው ረቡዕ አቶ በዳዳ ቆመው የደሴቲቱን ነገር ሳይቀር መሰከሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ጵርስቅላ የምትገባበት ጠፍቷት አንገቷን ደፍታ ሳለ፣ ጎረቤታቸው እትዬ አገርነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ያቺ ደሴት ግን ሐምሌ እውነት ጠብ አይልላትም?"

"አይልላትም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለነሱስ ማን ይጸልይላቸው?"

ለሰርዲኒያም ተጸለየ። ጵርስቅላ "በጋቸው እኮ ነው" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ተወችውና ከሰዉ ጋር "አሜን" አለች።