ክትሩ በማን ማሳ ይቆረጥ?

ሰሞኑን ወረታ ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሴቶችን ለአመራር የሚያሠለጥኑ ሰዎች መጥተዋል። የልጅ ልጄ ቤዛም ከሠልጣኞቹ አንዷ ናት፤ ለምሳ እኔ ቤት እየመጣች የተማረችውን ትነግረኛለች። ትናንት እንጀራዋን በሹሮ እያጠቀሰች፣ "እማማ፣ ዛሬ መሪ ማለት ምን እንደሆነ ተወያየን" አለችኝና ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር ዘረዘረችልኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ከእሷ ጋር፣ ልቤ ርብ ወንዝ ዳር ነበር።

ያኔ ሁለተኛ ልጄን የማጠባ ወጣት ነበርሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ከሌላ ዞን የመጣች አንዲት ቀጭን መምህርት የየቀበሌውን ሴቶች ወረታ ላይ ሰብስባ አሠለጠነችን። መጀመሪያ ያደረገችው ስማችንን መጠየቅ ነው። እኛም በየተራ "የእገሌ ሚስት"፣ "የእገሌ እናት" አልን። "ባልሽንማ አላውቀውም፤ አንቺ ማን ነሽ?" እያለች አሳቀችን። ውሎ አድሮ አፋችንን በነጠላ ሳንሸፍን መናገር ጀመርን። እኔማ አንዴ አፌ ከተፈታ ማን ይመልሰኝ!

ከሥልጠናው በኋላ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሴት ትሁን ተባለ። ወንዶቹ እኔን መረጡ። ወደውኝ አልነበረም፤ ከሁሉ ታናሽ ነኝና የምታዘዝ መስሏቸው ነው።

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ የክረምቱን ነገር ያውቃል። ነሐሴ ላይ ርብ ሲሞላ መሬቱና ሰማዩ አንድ ይሆናል፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል። ሩዝ ውሃ ይወዳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ከአናቱ በላይ ሲሆን እሱም ይታፈናል። በማሳዎቻችን ዳር የአፈር ክትር ነበረን። ውሃው ክትሩን ሊያልፍ ሲደርስ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጥና በአንድ ሰው ማሳ አቋርጦ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ያ ማሳ ይጠፋል፣ የሌላው ይተርፋል። አለዚያ ክትሩ በየቦታው ፈርሶ ሁላችንም እንጠፋለን።

የማን ማሳ? ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ሽማግሎቹ ክትሩ ላይ ቆመው ይመክራሉ፤ ምክሩም ሁልጊዜ እትዬ ብርቄ ላይ ይወድቃል። እትዬ ብርቄ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። የሚከራከርላት ወንድ የለም፤ ሴት ደግሞ ምክሩ ላይ አትቆምም። "አፍ የሌለው ማሳ ውሃ ይጠጣል" ይሉ ነበር፣ እንደ ቀልድ። የእሷም ማሳ በየክረምቱ ጠጣ።

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ውሃው ከክትሩ አናት ስንዝር ሲቀረው ተጠራራን። ሰብሳቢዋ ሴት ናት ተብሎ ሴቶችም መጥተው ዳር ቆመዋል። አያ ደሴ የሚባሉ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ አካፋቸውን ተደግፈው፣ "እንግዲህ እንደ ልማዳችን" አሉ። ፊታቸው ወደ እትዬ ብርቄ ማሳ ዞሯል።

"እንደ ልማዱ አይሆንም፤ እጣ ይጣል" አልሁ።

"ወይ ጉድ! ወረታ ውላ መጥታ!" አለ አንዱ ጎልማሳ። "የአማትሽን ደጅ ሳትጠርጊ እኛን ልትጠርጊ መጣሽ?"

"ደጁም ተጠርጓል፣ እጣውም ይጣላል።"

ሳቅ ሆነ። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ፣ "እጣ የእግዚአብሔር ነው፤ ምን ክፋት አለው?" ስላሉ ሁሉም ምልክቱን ማዋጣት ጀመረ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ገለባ፣ አንዱ የደረቀ ፍግ። እትዬ ብርቄ ግን እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

"አንችስ?" አሏት አያ ደሴ።

"እቁብ የወጣለት ሰው ዳግመኛ እጣ ይጥላል?" አለች። በሰው ፊት ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "የኔ እጣ ወጥቷል። እናንተ እስክትዳረሱ አልጥልም።"

"ይኸ እቁብ ነው እንዴ?" ተብሎ ተጮኸ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ባሌ ካሴም ጭምር። ዓይኑ "ተይ" ይለኝ ነበር። እሷ ከወጣች እጣው ለእኛ ይቀርባል፤ የዓመት ቀለባችን ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነው። መምህርቷ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብላናለች፤ እንዲያ ከሆነ ሁሉም ይጣል ማለት ይቻል ነበር። ግን እኛ ስንተርፍበት የኖርነውን ክረምት ሁሉ ረስቼ ዛሬ ብቻ እኩል ነን ብል፣ ይኸ ምን ዓይነት እኩልነት ነው?

"እትዬ ብርቄ ወጥታለች። ሌላው ይጣል" አልሁ።

ምልክቶቹ በጋቢ ውስጥ ተደባለቁ። ከይፋግ ገበያ ሲመለስ ጎርፉ ያገደው አንድ ጨው ነጋዴ፣ ማናችንንም የማያውቅ፣ ፊቱን አዙሮ አንዱን አወጣ። ጥቁር ቁልፍ ነበረች፤ ከካሴ ኮት ላይ በጥርሴ በጥሼ ያዋጣኋት።

ከዚያ አያ ደሴ በርኅራኄ፣ እንደ አባት፣ "ይደገም። ይኸ ለሙከራ ነው። ልጅ ናት፣ የሚጠባ አላት" አሉ። "ይደገም፣ ይደገም" አሉ ሌሎቹም፤ ቀድሞ የሰደበኝ ሳይቀር። እየማሩኝ ነበር። ግን ከተደገመ እጣው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ ያ አካፋ መጨረሻው የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እትዬ ብርቄም ታውቃለች፤ መሬት መሬት ታይ ነበር።

"አያ ደሴ፣ እግዜር ይስጥዎ። አይደገምም" ብዬ አካፋውን ከእጃቸው ወሰድሁ።

ጭቃው ከበደኝ። በማሳችን ትክክል ጥቂት እንደ ቆረጥሁ አንድ ሰው ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አካፋውን ቀማኝ፤ ካሴ ነበር። ሊከለክለኝ መስሎኝ ፊቱ ተገተርሁ። "ሰፋ ተደርጎ ካልተከፈተ ሁሉንም ያፈርሰዋል" አለና ሳያየኝ መቁረጡን ቀጠለ። ውሃው ደፍርሶ ገባ፤ ለምልሞ የቆመው ሩዛችን ጎንበስ አለና ተሸፈነ።

ያን ዓመት ውሃው ሲሸሽ ጓያ ዘራን፤ ጓያ ስንበላ ከረምን። አማቴ እስከ ፋሲካ ቀና ብላ አላናገረችኝም። ካሴ ግን ገበታ በቀረበ ቁጥር "የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ዛሬም ጓያ ነው?" ይለኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እየሳቀ፣ አንዳንድ ቀን ሳይስቅ። በተከታዩ ክረምት "እንደ ልማዳችን" ያለ አልነበረም። አያ ደሴ ራሳቸው ጠጠራቸውን ይዘው መጡና እኔንና እትዬ ብርቄን፣ "እናንተ ወጥታችኋል፣ ዞር በሉ" አሉን።

ቤዛ ይህን ስነግራት ምሳዋን አቁማ፣ "አልቆጨሽም?" አለችኝ። ቆጭቶኛል። ልጆቿ ሲርባቸው የማይቆጫት እናት የለችም። ዛሬም ሩዝ አሽቶ ሳይ ያ ማሳ ሲሰምጥ ይታየኛል። ሰውን ንግግር ማስተማር ደግ ነው፤ ያለዚያች መምህርት እኔም አፌን አልከፍትም ነበር። ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰዎች በደግነት "ላንች ሲባል ይደገም" የሚሉበት ሰዓት ይመጣል። ያን የሚያስተምር አዳራሽ ይኑር አይኑር አላውቅም።

"ጠላትሽ ሲቃወምሽ አትፍሪ" አልኋት ቤዛን፣ ወደ ሥልጠናዋ ስሸኛት። "ወዳጅሽ ሲያዳላልሽ ፍሪ።"