መብራት ያለው ሚሞሪ

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ላስሮጠው ብዬ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የጋሽ ወልዴ ሱቅ ራም የሚባለውን ሚሞሪ ልገዛ ይዤው ሄድኩ። መብራት ያለውን መረጥኩ።

«መብራቱ አያስሮጥም፤ መብራት የሌለው ተራው ይሻልሃል» አሉኝ። እምቢ አልኩ።

ገጥመውት ፍጥነቱን ሲጨምሩ ስክሪኑ ጨለመ። ደገሙት፤ ያው ነው። የሰው ሰርግ ውስጡ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ላብ አጠመቀኝ።

«ጋሼ፣ አንዴ ልጸልይ» አልኩ።

«ጸልይ።»

እንደ ቸርቻችን ልማድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ረጅም ጸሎት ጸለይኩ። «አሜን» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ኮምፒውተሩ በዚያው በተጨመረው ፍጥነት ይሠራል።

«ጌታ ሰማኝ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ወልዴ መዳፋቸውን ዘረጉ። የመረጥኩት ሚሞሪ እጃቸው ላይ ነው።

«ሰምቶሃል። ተራውን ለመግጠም ዓይንህን እስክትጨፍን ነበር የምጠብቀው።»