መንገድ ይዤ የሄድኩበት ሰርግ

የሰርጌ ዕለት ጠዋት፣ ከረባቴን ገና ሳላስር የሙሽራዬ አባት ደወሉ።

«ሌሊት ዝናብ መንገዳችንን ቆርጧል። መኪና አያልፍም። ልጄ በሰርጉ ቀን ጭቃ አይረግጥም። ወይ መንገድ ይዘህ ና፣ ወይ ለሌላ ቀን እናድርገው» አሉና ዘጉት።

አማርኛቸው ከኦሮምኛ ቀጥሎ የመጣ ስለሆነ ሴት ልጃቸውንም «እሱ» ማለት ልማዳቸው ነው። ወለጋ ተወልደው ባምባሲ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ለአንድ ትራክተር ነጂ እስኪሰጡ ሽማግሌዎቼን ስንት ጊዜ አመላልሰዋል! እና «ሌላ ቀን» ሲሉኝ የተሰማኝ «ይቅር» ነው። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ብድግ! ምን ሆኜ ነው የምተክዘው? ትራክተር አለኝ እኮ። ሎደር አለኝ። መንገድ ይዘህ ና ሊባል የሚገባው ሙሽራ ቢኖር እኔ ነኝ።

ሎደር የምለው ከትንሿ ትራክተሬ ፊት የሚገጠመውን ነው፤ ሁለት ረጃጅም የብረት ክንዶችና አፈር የሚዝቅ ትልቅ አካፋ። እርሻ ሲደርስ ስለሚከብዳት አወልቅላታለሁ። ያን ሰሞንም አካፋውን መሬት አስነክቼ፣ መቆሚያ እግሮቹን አውርጄ፣ የዘይት ቱቦዎቹን ፈትቼ፣ ማያያዣ ፒኖቹን ነቅዬ፣ ትራክተሯን ከመሃሉ ወደ ኋላ አውጥቻት ነበር። ሎደሩ ግቢያችን ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሥራ ፈትቶ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ለካ ሥራ ይዟል። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጁ ጎረቤታችን ዳሱን በቀርከሃ ሊሠሩልን ሲመጡ፣ ጉድጓድ ሳይቆፈርለት የቆመ ብረት አገኙና ደስታቸውን አልቻሉትም። «ወላሂ፣ ይሄን ንፋስ አይነቀንቀውም!» እያሉ የዳሱን አንድ ማዕዘን ከሎደሩ ክንዶች ጋር ጠፈሩት። እናቴ ደግሞ አካፋውን አጥባ ማንጎ ሞላችበት። ያየ ሁሉ አደነቀ፤ እኔም አብሬ አድንቄያለሁ።

«ሎደሩን እፈልገዋለሁ!» ብዬ ከቤት ወጣሁ።

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «የቱን? የማንጎውን ማስቀመጫ?»

ነገሩን ስትሰማ ግን ማማሰያዋን ጥላ ማንጎውን በእቅፏ ወደ ሰሌኑ ማጋዝ ጀመረች። «አብሽር ልጄ፣ ሰውየው መንገድ ነው ያሉት፣ ሰማይ አላሉ!» ያየነውን ገመድ ሁሉ ፈታን። ዋናው ሚዜዬ በአዲስ ሱፉ ተንበርክኮ «ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ ወደ እኔ ግራ!» እያለ ሲመራኝ ትራክተሯን በክንዶቹ መሃል አስገባኋት።

የፈራሁት ቱቦዎቹን ነበር። ፀሐይ ላይ ሲውሉ ውስጣቸው ያለው ዘይት ይሞቅና ያብጣል፤ መጋጠሚያው እምቢ ይላል። ስንት ቀን ተሳድቤባቸዋለሁ። ያን ቀን ግን የዳሱ ጥላ አቀዝቅዟቸው ኖሮ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ገቡ። ዳሱን ብስመው ደስ ባለኝ። ፒኖቹን መታሁ፣ እግሮቹን አጠፍኩ፣ ሎደሩን አነሳሁ።

ዳሱም አብሮ ተነሳ።

ዳሱን ካስጌጡት የወረቀት አበቦች ሥር የተደበቀች አንዲት ገመድ ቀርታ ነበር። ጣራው ወደ ሰማይ ሲሄድ ከሥር የተቀመጡት ሴቶች የሰርጉ ዝግጅት መስሏቸው እልል አሉ። ጎረቤታችን በሳቅ እየተንፈራፈሩ «አያችሁ አስተሳሰሬን? አይፈታም!» ይላሉ። ሎደሩን ዝቅ አድርጌ ገመዱ ሲቆረጥ ዋናው ሚዜዬ የዳሱን ማዕዘን በትከሻው ተቀበለና፣ ምትክ ቀርከሃ እስኪተከል ምሰሶ ሆኖ ቀረ። እኔ ያለ ሚዜ ወደ ሙሽራዬ ነዳሁ።

ምን ዓይነት ጉዞ ነበር! አካፋው ላይ የወረቀት አበባ ተንጠልጥሏል፣ የሰርጉ መኪኖች ከኋላዬ እየተንፏቀቁ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ እኔ በሱፍ ትራክተር ላይ ሆኜ ለብቻዬ እዘፍናለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም ፈርቼም አላውቅም።

አማቴ ከተቆረጠው መንገድ ማዶ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ሰላም አላሉኝም። ከዳር ጠጠራም አፈር እየዛቅኩ ጎርፉ የቦረቦረውን ቦይ ሞላሁት፤ በአካፋው ጀርባ ደለደልኩት። መኪና ያሳልፋል። እሳቸው ግን መጥተው በተወለወለ ጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«ጨምር።»

ጨመርኩ። ተረከዛቸውን ተክለው እንደገና ሞከሩት።

«ጨምር።»

አሁንስ ደሜ ፈላ። «አባባ፣ የሚያልፈው ሙሽራ ነው ወይስ የጭነት መኪና?»

ጃንጥላቸውን መሬቱ ላይ ሰክተው ቀና ብለው አዩኝ። ለካ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሙሽራ ዛሬ ብቻ ነው የሚያልፈው» አሉ። «ልጄ ግን ክረምት ሲገባም ሊያየኝ ይመጣል።»

 ሳቄ መጣ። ትራክተሯን አዞርኩና ዛቅኩ፣ ገለበጥኩ፣ ደለደልኩ፣ እንደገና ዛቅኩ። ከዚያ በኋላ ጨምር ያለኝ ሰው የለም። ሙሽራዬ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ከደጃፉ ወጥታ «ኧረ በቃህ፣ ና ውሰደኝ!» ብላ እስክትጮህ ድረስ አፈር አመላለስኩ።