ጥቅሉን ፍቺ

በዚያ ታኅሣሥ ባሌ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውሮ ስለነበር፣ የስምንት ወር ልጄን ይዤ ከደብረ ታቦር ልከተለው ተነሣሁ። ልጅቷን ያለበሷት አማቴ ነበሩ። ሁለት ሹራብ ደራርበው፣ እጆቿን ከጎኗ አጣብቀው በነጠላ ጠቀለሏት። በላዩ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ የራሳቸውን ጋቢ። በመጨረሻም ፊቷን ሸፈኑት።

«ጉናን እስክትሻገሪ እንዳትገልጫት። ብርዱ ክፉ ነው፤ የሰው ዓይንም አለ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኳቸው። አስተማሪ ነኝ፤ ሰው በምን እንደሚተነፍስ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳ ነበር። ግን አማት የቋጠሩትን የትኛዋ ምራት ትፈታለች?

ላንድሮቨሩ የጉናን ትከሻ ሲወጣ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ በእኩለ ቀን መብራት አበራ። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤ የሚያወራ የለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ሲሉ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ፈራሁና ጋቢውን ጠበቅ አደረግሁት። አልፎ አልፎ ደረቴን ገፋ ታደርገኛለች። ነቅታለች እያልኩ እሷኑ አባብላለሁ።

ኬላው ጋ ሁላችንንም አስወረዱን። ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና ክንዴን አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልጄ ናት።»

«ፍቺው።»

«በማርያም! ብርድ ይመታብኛል፤ ሕፃን ናት እኮ።»

«ስንት ጥይት ሕፃን ነው እየተባለ አልፏል። ጥቅሉን ፍቺ ብያለሁ!»

በልቤ እየረገምኩት ጀመርኩ። መኪናው ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ፤ ጥቅሉም አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ገባኝ። መንገዱን ሙሉ ደረቴን ይገፋኝ የነበረው ኮረኮንቹ ነው። ጣቶቼ ቋጠሮውን ሳቱት። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጠላ፤ አያልቅም።

ፊቷ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጮህኩ። ጠባቂው ነጠቀኝና ሹራቦቹን ገፎ ፊቷን ወደ ንፋሱ አዞረው። ጣቱን እርግብግቢቷ ላይ አሳረፈ። እኔ ጣቱን ብቻ አያለሁ፤ አልተነሣም። ቆይቶ ትንሽ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ።

«አለች» አለኝ።

ያን ሰው አላመሰገንኩትም፤ ልጄን ከእጁ ተቀብዬ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ልጄ እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ አለቀሰች። ሴትዮዋ ሰለቻቸውና «ኧረ አጥቢያት፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። አላጠባኋትም። ዝም እንዳትል ፈርቼ ነበር።